የላክኋቸው ሽማግሌ

«ሁለቱንም ጊዜ አልሄድህም!» አልሁት። «ባሕር ዳር አልደረስህም። ቡሬ፣ አባባ ቤት፣ እንጨት ስትጠርብ ነው የዋልኸው።»

ባሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ይቋጥር ነበር። ቀና አላለም።

«ድምፅሽን ቀንሽ። ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ! ጎረቤቱ ሁሉ ‹እግዜር ይማርልሽ፣ ሕክምናውን ጀመረልሽ አይደል› ሲለኝ አሜን እያልሁ አይደል የከረምሁት? ለምኑ ነው አሜን ያልሁት? ለአባባ የበረት መዝጊያ?»

ይህን ጊዜ ቀና አለ። የበረቱን መዝጊያ እንደማውቅ አልጠረጠረም ነበር።

«ሽማግሌ ፊት እሺ ብለህ ነበር» አልሁት።

«ለሽማግሌ እሺ ይባላል። ዛዲያ ምን ልበል? ቆመው ይደሩ?»

በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ የጉዞ ቦርሳው ተቀምጧል። የሱን ልብስና የኔን ልብስ አንድ ላይ የከተትሁት እኔ ነኝ። በላዩ የባሕር ዳሩ ሐኪም ቤት የሰጠን ትልቁ ፖስታ ከነራጁ አለ። ቀጠሮው ለነገ ጠዋት ነበር። ካሁን በፊት ሁለት ቀጠሮ አልፎታል፤ ሦስተኛው ካለፈ ሐኪሙ ምን እንደሚል ሁለታችንም እናውቃለን። ያደረበት ነገር እንደ እንጨት ተደርድሮ የሚጠብቅ አይደለም፤ ያድጋል።

ባሌ የሽንት ፊኛ ካንሰር አለበት።

አናጢ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሰው ሁሉ ወደ ብረት በር ሲዞር እሱ ዋንዛ ይዞ የቀረ ነው። በዕድሜ በደንብ ይበልጠኛል፤ ስንጋባ የሠራት በር ናት እስከዛሬ የምንወጣና የምንገባባት። ማጠፊያዋ ረግቦ ስትዘጋ ካላነሷት ወለሉን ትፍቃለች። የሰው በር ሲያሳምር የኛን ነገ ነገ እያለ እንዲሁ ቀረ።

ሕመሙን የነገረኝ እሱ አይደለም፤ አይቼ ነው ያወቅሁት። አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ስሄድ ከሱቁ ጀርባ ሰጋቱራው ላይ ቀይ ነገር አየሁ። ምንድን ነው ስለው «የእንጨት ቀለም ተደፍቶብኝ ነው» አለ። የእንጨት ቀለሙን አውቀዋለሁ፤ እጁ ላይ ለዓመታት ሳጥበው የኖርሁት ነው። ሲደርቅ እንደዚያ አይጠቁርም። በሌላ ቀን ሄጄ አየሁ፤ አዲስ ሰጋቱራ ላይ አዲስ ቀይ።

ከዚያ ክሊኒክ ለክሊኒክ ሆነ። አንዱ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ኪኒን ሰጠው፤ ሌላው የኩላሊት ጠጠር ነው አለው። ኪኒኑን ሲውጥ ይጠፋል፤ ጠፋ ስንል ይመለሳል። አያመውም ነበር፤ ያዘናጋን ይኸው ነው። በመጨረሻ አልትራሳውንድ ያነሳው ባለሙያ ፊቱን ወደ ማሽኑ እንዳደረገ «ፊኛው ውስጥ የበቀለ ነገር አለ» አለና ወደ ባሕር ዳር ጻፈልን።

ባሕር ዳር በሽንቱ መውጫ በኩል በካሜራ ገብተው የበቀለውን ፍቀው አወጡለት። የናሙናው ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ ነገረን። ወጣት ነው፤ ሲናገር እስክሪብቶውን ክፍት ዝግ ያደርጋል። ካንሰር ነው አለ። ግን ወደ ፊኛው ጡንቻ አልገባም። አሁን የሚያስፈልገው በየሳምንቱ እየመጣ በቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛው የሚገባ መድኃኒት መውሰድ ነው፤ ከዚያ እየቆየን በካሜራ እናየዋለን፤ ፊኛቸው ሳይወጣ ብዙ የሚኖሩ አሉ። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ፣ መደበቅ አልፈለገም መሰለኝ፣ «እየተመለሰ ካስቸገረን ግን ፊኛውን አውጥተን ሽንቱ በሆድ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወርድ የምናደርግበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል» አለ።

እኔ የመጀመሪያውን ሰማሁ። እሱ የመጨረሻውን።

ስንመለስ ዳንግላን እስክናልፍ አልተናገረም። ዳንግላን እንዳለፍን በመስኮቱ እያየ «ከረጢት» አለ። ቡሬ እስክንደርስ ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በር መሥራት አቆመ። ሰው ሊያሠራ ሲመጣ «እንጨት የለም» ይላል፤ እንጨቱ ከጀርባው ተቆልሏል። እኔ ያልሞከርሁት ነገር የለም። ለመንሁት። ተቆጣሁት። ስልኬ ላይ ስለ በሽታው ያገኘሁትን አነበብሁለት። ዝም ብዬ አየሁት። ሆን ብዬ ፊቱ አለቀስሁ።

«ሐኪሙ እኮ አሁን ከረጢት አላለም» እለዋለሁ።

«ኋላ ይላል።»

«ላይልም ይችላል!»

«ካለስ? ከረጢት አንጠልጥዬ የሰው በር ልለካ ነው? ቅዳሴ ልቆም ነው? ሽንት የሚንጠባጠብበት ሰው የት ይቆማል፣ ንገሪኝ እስቲ።»

ግጥም እጽፋለሁ፤ ሰው ቃል ታውቃለች ይለኛል። ትምህርቴን በመካከል ያቋረጥሁ ነኝ፤ ያለኝን ቃል ሁሉ ከተዋስሁት መጽሐፍ፣ ከቅዳሴ፣ ከገበያ ሰው አፍ ለቃቅሜ ያገኘሁት ነው። በማኅበር በሠርግ ሲያስነሱኝ ሰውን አስለቅሳለሁ። አንድ ሰው ሚኒባስ እንዲሳፈር ማድረግ ግን አልቻልሁም።

ሽማግሌ መላኩ የመጣልኝ ያኔ ነው። እኛ አገር ለሴት ልጅ ሽማግሌ ይላካል፤ ለተጣላ፣ ደም ለተቃባ ይላካል። ለገዛ ባሏ ፊኛ ሽማግሌ የላከች ሴት ግን ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም ባሌን አውቀዋለሁ፤ ለብቻው እምቢ የሚለውን ሽማግሌ ፊት እምቢ አይልም። ሦስት ሰው መረጥሁ፦ የንስሐ አባታችንን፣ ጡረታ የወጡትን ጎረቤታችንን መምህሩን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አባባን። አባባ የሱ አጎት ናቸው። አባቱ ሲሞት ወስደው ያሳደጉት፣ መጥረቢያ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። ቡሬ አጠገብ ገጠር ነው ቤታቸው። ራሴ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ተነሽ ልጄ፣ ተነሽ» አሉኝ። «እሄዳለሁ። ግን ምን ብዬ እናገራለሁ? አንች ነሽ ቃል የምታውቂው።»

ሰጠኋቸው። እስከ መንገዱ ሲሸኙኝ፣ በታጨደው በቆሎ መካከል እየሄድን፣ አንድ በአንድ ነገርኋቸው። «በየሰው ቤት በር ያቆምህ ልጃችን፣ የራስህን ቤት ክፍት ጥለህብን አትሂድ» የሚለውን ወደዱት። እየደጋገሙ አሉት። «ጥለህብን» የሚለው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። ያን ስሰማ ልቤ ሞላ፤ አሁን አገኘሁት አልሁ፤ አሁን ቃሌን የሚሸከምልኝ ሰው አገኘሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱም መጡ። ከበሩ ገባ ብለው በትራቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። ባሌ ወንበር ለመጎተት ዘሎ ተነሣ።

«ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ!»

«አንቀመጥም» አሉ አባባ። «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

«ምን አጠፋሁ? ከማን ተጣላሁ?»

«ከፊኛህ» አሉ መምህሩ።

የንስሐ አባታችን ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ነበር። አባባ መናገር ጀመሩ። የሰጠኋቸውን ሁሉ አንድም ሳይጥሉ ተናገሩት፤ ከኔ አሳምረው። በር ያቆምህ ልጃችን ሲሉ ባሌ ዓይኑ ወደ በራችን ሄደ። አባባ ሽማግሌ ናቸውና ብዙ መቆም አይችሉም፤ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባሌ ጉልበታቸውን አየ።

«እሺ» አለ። «እሄዳለሁ። ተቀመጡ፣ አባባ፣ ተቀመጡ በቃ።»

ተቀመጡ። በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። ባሌ አባባን ሊሸኝ ወጣ። በመስኮት አየኋቸው፤ ደጃችን ካለው የእንጨት ክምር አጠገብ ቆመው አባባ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጭነው ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው ይናገሩ ነበር። እሱ መሬት መሬት እያየ ራሱን ይነቀንቃል። አባት ልጁን እየመረቀ ነው ብዬ መስኮቱን ተውሁት። ግጥም ልጽፍበት ሁሉ አስቤ ነበር።

በመጀመሪያው ቀጠሮ አብሬህ ልሂድ ስለው «መንገድ ላይ ብንታገድ ቤቱን ማን ያያል» አለ። እውነት መሰለኝ። ማታውን ተመለሰ። «ቡሬ ላይ መለሱን፤ መንገዱ ተዘግቷል» አለ። በዚህ ጊዜ መንገድ ተዘጋ ሲባል ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሰው ለምዶታል። በሁለተኛውም እንዲሁ ተመለሰ። እንዲያውም እኔ ነኝ ያጽናናሁት። እግሩን በሞቀ ውሃ አጥቤ «ያንተ ጥፋት አይደለም» አልሁት። ሁለተኛውንም እግሩን ዘረጋልኝ።

በማግሥቱ የጎረቤታችን ልጅ፣ ባሕር ዳር የምትማረው፣ ልትጠይቀን ገባች። መቼ መጣሽ ስላት ትናንት አለችኝ።

«መንገዱ እንዴት አሳለፋችሁ?»

«ሰላም ነበር እትዬ። ጠዋት ተነሥተን ከሰዓት ገባን። ምነው?»

ባሌ ከጓዳ በር ላይ ቆሞ ነበር። ስኒውን አስቀምጦ ወጣ። እኔ ትናንት አውልቆ የሰቀለውን ሱሪ ሄጄ አየሁ። እጥፋቱ ውስጥ የባሕር ዛፍ ፍቅፋቂ ነበር፤ ገና እርጥብ፣ ገና የሚሸት። ሱቁ ከተዘጋ ሰንብቷል።

ገበያ ነው የምሄድ ብዬ ቡሬ ሄድሁ። ይህ ትናንት ነው። የአባባ ሚስት ግቢው ሙሉ ቀይ በርበሬ ዘርግተው፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው የተበላሸውን ይለቅሙ ነበር። አባባ አውድማ ናቸው። ከዛፉ ሥር ያለውን በረት አየሁት። አዲስ መዝጊያ ቆሞለታል፤ የማን እጅ እንደሆነ ከሩቅ ያስታውቃል። የሱ መዝጊያ ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ክብ ያደርጋል፤ ማንም አናጢ እንደዚያ አይደክምም።

«ብቻሽን መጣሽ? እሱስ?» አሉኝ። «እንዴት አምሮልናል ታዪዋለሽ። አንዱን ቀን ጠረበ፣ ሌላውን ቀን አቆመ። እጁ ይባረክ።»

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በርበሬ መልቀም ጀመርሁ። እጄ ሲሠራ ሰው አይጠረጥርም።

«እማማ፣ ሕክምናውን ግን ለምን ተወው?»

ሚስጥር መሆኑን ማንም የነገራቸው አልነበረም። ወይም እኔ የማውቅ መሰላቸው።

«አባባሽ ነገሩት እኮ። ሽማግሌ የመጡልሽ ዕለት ሲሸኛቸው። ‹ልጅቱ አለቀሰችብኝና መጣሁ፤ አንተ ግን ገላህን አታስነካ፤ ሙሉ ሰውነትህን ይዘህ አፈር ግባ› ነው ያሉት። ለሱው ብለው ነው እንጂ ክፉ አስበው አይደለም፣ ልጄ።»

እጄ ውስጥ የነበረው በርበሬ ተሰበረ። እንባዬ መጣ። እማማ ውሃ አቀበሉኝ። «በርበሬው ነው፤ ታጠቢው» አሉኝ።

በርበሬው አልነበረም። ሰው መቼም ይከዳል፤ ያቃጠለኝ ሌላ ነው። እኔው መረጥኋቸው። እኔው ቃል አበደርኋቸው። ቃሌን ሰው ፊት ቆመው በዚያ በሚያምር ድምፅ ተናገሩት፤ ከዚያ ደጅ ወጥተው፣ በራሳቸው ተራ ቃል፣ በአንድ ትንፋሽ አፈረሱት። የኔ ቃል ወንበር ላይ እስኪያስቀምጣቸው ድረስ ነበር። የሳቸው ቃል ባሌን አስቀመጠው።

ደግሞ አንድ ነገር አውቃለሁ። ሙሽራ በነበርሁበት ዓመት ባሌ መተማ ለሥራ ሄዶ ሳለ የአባባ ቤት ዝክር ነበር። እጃቸውን ላስታጥብ ጎንበስ ስል ከጋቢያቸው ሥር ቱቦ አየሁ። ቱቦው ጭናቸው ላይ ወደ ታሰረ ከረጢት ይወርዳል፤ ከረጢቱ ውስጥ ሽንት ነበር። ሽንት ከልክሏቸው ኖሯል። እማማ ጓዳ ጎትተው አስገብተውኝ ለማንም፣ ለባሌም ቢሆን እንዳልናገር በማርያም አስማሉኝ። ዘመድ ሁሉ «ወገባቸውን አሟቸው ነው» ይል ነበር። ኋላ ከተማ ተወስደው ኦፐራሲዮን ሆኑ፤ ከረጢቱም ወጣ፤ ይኸው ዛሬ አውድማ ላይ ናቸው።

ትናንት ስነሣ እማማን አየኋቸው። የማስበውን ፊቴ ላይ አነበቡት።

«ያን ነገር እንዳታነሺ» አሉኝ። «ምለሻል።»

ሌሊቱን ዝም አልሁ። ጠዋት ግን ባሌ ጫማውን እያሰረ «ዛሬ ልሄድ ነው፣ መንገዱ ከተከፈተ» ሲል አልቻልሁም። የተጣላነው ከዚህ ተነሥተን ነው፤ አባባ እንጨቱ ክምር ሥር ያሉትን እንደሰማሁም ነገርሁት።

«አባባ ይወዱኛል» አለኝ። «አንች ግን ቤቴ ውስጥ ሰው ሰበሰብሽብኝ። ስለ ሽንቴ ለቄስ ነገርሽ። መምህሩ ከፊኛህ ተጣላህ ብለው ሲሥቁብኝ ከመጋረጃ ኋላ ቆመሽ ሰማሽ። ማን ነው የከዳ?»

«እኔ እንድትኖር ብዬ ነው!»

«እሳቸውም እንዳልዋረድ ብለው ነው።»

«ከረጢት ይዘው ነበር።»

«ማን?»

«አባባ። መተማ በነበርህ ጊዜ። ጋቢያቸው ሥር፣ ጭናቸው ላይ ታስሮ። በዓይኔ አይቻለሁ። ወገብ አልነበረም። ተቀደው ነው የዳኑት።»

የምዋሽ እንደሆነ የሚፈልግበት ቦታ ፊቴ ላይ አለ፤ ያን ቦታ ነበር የሚያየው። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ፣ ፖስታው አጠገብ አኖረው።

«አቤት ልጄ!» አሉ አባባ። ከኋላቸው በሬ የሚነዳ ሰው ይጮኻል።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሽንት ከልክሎዎት ያውቃል?»

የበሬ ነጂው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ማን ነገረህ?»

«ከረጢት ይዘው ነበር ወይ?»

«ይኸ በስልክ ይወራል?»

«ለኔ እንጨት ክምር ሥር ተወርቷል እኮ፣ አባባ። ሙሉ ሰውነትህን ይዘህ አፈር ግባ ብለውኛል።»

«ያየሁትን እንዳታይ ብዬ ነው!» አሉ። ድምፃቸው እንደዚያ እሑድ ተሰበረ፤ አሁን ግን የኔ ቃል አልነበረም። «እንደ ሕፃን… ሰው መጣ በተባለ ቁጥር ጋቢ ስደራርብ… ሞትን ለምኛለሁ ያኔ። አንተ ወንድ ልጄ ነህ፤ እንደዚያ ሆነህ ላይህ አልፈለግሁም።»

«አሁንስ?»

«አሁን ምን?»

«አሁን የት ነዎት?»

«አውድማ ነኝ፤ ጤፍ እየወቃን። ምነው?»

«ምንም። በርቱ» አለና ዘጋው።

ጠረጴዛውን ይዞ ቆሞ ቀረ። ልዋሸው አልፈለግሁም። በዚህ ነገር ላይ የዋሸ ሰው በዝቷል።

«የሳቸው ሌላ በሽታ ነው» አልሁት። «ያንተ ካንሰር ነው። ትድናለህ ብዬ አልምልልህም። ከረጢቱም አይመጣም ብዬ አልምልልህም። መድኃኒቱ ግን አለ፤ ሐኪሙ ገና ነው ብሏል። ቢያንስ ሂድና ሞክረው።»

ቦርሳውን ከፈተ። የኔን ቀሚስ አወጣ። የኔን ሻርፕ አወጣ። የኔን ነጠላ አወጣና አጥፎ አግዳሚው ላይ አኖረ፤ ሥራ እንደሚያሳምር ሰው፣ ጥርዙን ከጥርዙ አገናኝቶ። የሱን ልብስ ብቻ አስቀርቶ ፖስታውን በላዩ ከትቶ ዘጋው።

«ባሕር ዳር እሄዳለሁ» አለ። «ሚኒባሱ ሳይሞላ መናኸሪያ ልድረስ።»

«እኔም ልምጣ።»

«አትመጪም።»

«ለምን?»

«ከባሕር ዳር ስንመለስ፣ ዳንግላ ላይ፣ ከረጢት አልሁሽ። ያኔ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር። አባባ ይዘው ድነዋል ብትይኝ በቃኝ ነበር። አንዲት ቃል። ሽማግሌም፣ በርም፣ ያ ሁሉ ንግግርም አያስፈልገኝም ነበር።»

«በማርያም ምዬ ነበር።»

«አውቃለሁ። አሁን አፈረስሽው አይደል? ለንዴትሽ አፈረስሽው። ያን ቀን ለኔ ብለሽ አላፈረስሽውም።»

ላንተ ብዬ ነው ልለው አፌን ከፈትሁ። ለዓመታት የያዝሁትን መሐላ ለሱ ብዬ በጥሼ፣ እማማን አጥቼ፣ አባባን አጥቼ፣ እሱ ከሁሉም ጋር ደመረኝ።

«ሐኪሙ የሚለውን ለብቻዬ ልስማው» አለ። «ያልጨመራችሁበትን፣ ያልቀነሳችሁበትን። አትከተይኝ።»

ቦርሳውን ትከሻው ላይ አደረገ። ወጣ። ሁልጊዜ ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርጎ ለኔ ይተዋል፤ ያቺን የረገበች ማጠፊያ ታግሎ አያውቅም። ዛሬ ከውጭ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ሲያነሣት ሰማሁ። ወለሉን ሳትነካ መጣች፤ መቃኑ ውስጥ ገጠመችና ተዘጋች።